ስለ ፎቶግራፍ ሽያጭ፤ የሥዕሉ ባለቤትና የመልኩ ባለቤት

የፎቶግራፍ መሣሪያ አንግቶ የጮቄን ተራራ ጉም፥ የዓባይን በረሃ ገደል፥ የጤፉን አዝመራና የጥምቀቱን በዓል እያነሣ፥ ሥዕሉንም በቀን መቁጠሪያ፥ በኩባያና በካናቴራ ላይ አሳትሞ የሚሸጥ ወጣት ዛሬ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው ከተማ ይገኛል። በገዛ እጅ ሥራ ማደር የሚያስመሰግን ነው እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ሰው በእጁ ያነሣውን ሥዕል ሁሉ፥ በእርሻው እንዳመረተው እህል፥ እንደ ልቡ ገበያ ሊያወጣው ይችላልን? ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን፥ አንዲት እናት የተጠቀለለ የቀን መቁጠሪያ ይዘው ወደ መስኮታችን መጡ። ዘርግተን ብናየው፥ ልጃቸውን በቀበሩበት ዕለት ከል ለብሰው ደረታቸውን ሲመቱ የተነሣ ሥዕል ሆኖ አገኘነው፤ ከሥዕሉም በታች የመልካም አዲስ ዓመት ምኞት ታትሞበታል። «ቡና ልጠጣ ጎረቤት ብገባ፥ ራሴን ከግድግዳ ላይ አየሁት። ልጄን በየቤቱ እንደገና ቀበሩብኝ። ገንዘብ አልሻም፤ ብቻ ከየግድግዳው ይውረድልኝ» አሉን።

ሥዕሉን ያነሣው ወጣት በተጠየቀ ጊዜ፥ «ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ከማንም አልሰረቅሁም» ሲል መለሰ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያጣው ዕውቀት ነበር። በመጨረሻም ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው፤ ወጣቱም ይቅርታ ጠይቆ ያልተሸጠውን ሰብስቦ አስረከበ። የተሸጠውን ግን ከየቤቱ ለቅሞ መመለስ አልተቻለውም።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፥ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፥ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። 28ኛው አንቀጽ ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ጊዜ ይዘረዝራል፤ ይኸውም ሰውየው ዝነኛ ወይም በሕዝብ ሥራ ላይ ያለ ሹም ሲሆን፥ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፥ ለሳይንስ፥ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፥ እንዲሁም በሕዝብ ፊት ከተፈጸመ ነገር ወይም በዓል ጋር ተያይዞ ሲወጣ ነው። ከነዚህ ውጭ ሥዕሉ የተሸጠበት ሰው፥ በ29ኛው አንቀጽ መሠረት፥ ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ዳኞችም ሻጩ ካገኘው ትርፍ እስከሚደርስ ካሣ ሊያስከፍሉት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲጋልቡ በዓሉን ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ከመካከላቸው የአንዱን ጋላቢ ፊት ነጥሎ በካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የበዓሉ አደባባይ መሆን የእያንዳንዱን ሰው መልክ ሸቀጥ አያደርገውምና፥ እንዲህ ባለው ጊዜ ጠይቆ ማስፈቀድን እንመክራለን። ሕፃን ከሆነም የወላጁን ወይም የአሳዳጊውን ፈቃድ መቀበል ይገባል።

ፈቃዱም በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ሥዕሉ በምን ዕቃ ላይ እንደሚታተም፥ ለስንት ጊዜ እንደሚሸጥ፥ ባለ መልኩም የሚያገኘው ነገር ካለ ተለይቶ ይጻፍ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጽሑፉ ይነበብለት፤ የጣት ፊርማውም በአዋዋይ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው 1728ኛው አንቀጽ ያሳያልና፥ ይህን መርሳት አይገባም።

ፎቶግራፍ አንሺም ቢሆን ያለ ጠባቂ አልቀረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የሚጠብቀው፥ ሥዕሉ የስብስብ ክፍል ሲሆን፥ ወይም በመጽሐፍ ሲታተም፥ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ዘመኑም ሥዕሉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ የጮቄን ጉም ለማንሣት በሌሊት ተነሥቶ ብርዱን የታገሠ ወጣት ስሙንና አድራሻውን ሳይጽፍ ሥዕሉን ቢበትን፥ ሌላው አትሞ ሲሸጥበት መከራከሪያው ይጠብበታል። በገንዘብ ተዋውሎ ሰርግ ያነሣ ሰው ደግሞ፥ በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፥ የሥራው መብት የአሠሪው መሆኑን ይወቅ፤ የሙሽሮቹንም ሥዕል ለንግድ ከማውጣቱ በፊት ያስፈቅዳቸው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ይህን ሥራ ሲጀምሩ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ምክር ስጧቸው። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅም ብለዋል። ተራራውንና ወንዙን ያነሣ ሰው ስሙን ጽፎ ይሽጥ፤ የሰውን ፊት ያነሣ ግን አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ። ያቺ እናት አስቀድመው ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ፥ ወጣቱ ከኪሣራ፥ እርሳቸውም ከሁለተኛ ኀዘን በዳኑ ነበር።