"ስንት ዋት ነው?" የሚለው ጥያቄ ብቻ አይበቃም

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። ቤዝ ጊታር ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ግን ተረቱ ቃል በቃል ይሠራል። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ "ኧረ አልሰማ አለኝ" እያለ ድምፁን ይጨምራል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ደግሞ ዜማው ሳይደርሰው "ዱም፣ ዱም" የሚለውን ብቻ እየሰማ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም አልዋሹም። ለዚህ ጠብ መፍትሔው በአብዛኛው ያለው በመካከላቸው በተቀመጠችው ትንሽ ሣጥን፣ ማለትም በመለማመጃ አምፕሊፋየሯ ምርጫ ላይ ነው።

"የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ አምፕሊፋየር ምን አገባው?" የምትሉ አትጠፉም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ያለነው ወሎ ውስጥ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የወሎ የቦታ ስም ነው። እነ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንም የዚሁ ምድር ነው። ሁለተኛ፣ ካርቶን ላይ የታተመን ቁጥር "በምን ተለክቶ?" ብሎ መጠየቅ የሙያችን ጉዳይ ነው። መግለጫ ሲሰጠን እንደወረደ እንዳንጽፍ እየተማርን፣ ሱቅ ስንገባ ግን ካርቶኑን እንደወረደ የምናምን ከሆነ ትምህርቱ የት ገባ?

በቅድሚያ ስለ ቤዙ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ቤዝን የሚያስታውሰው ሲጠፋ ነው። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን "ኧረ መላ መላ"ን ስታዳምጡ እግራችሁን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ግማሹ ሥራ የቤዝ ተጫዋቹ የጆቫኒ ሪኮ ነው። ባንዱ ኋላ ሮሃ ተብሎ በዚያ ዘመን ስንቱን ድምፃዊ ሲያጅብ ከሥር ሆኖ የተሸከመው እሱ ነው። ከእሱ በኋላም እንደ ሄኖክ ተመስገን ያሉ፣ አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምረው አገር ቤት በመመለስ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሉን። ታዲያ በእኛ አካባቢ የሠርግና የምረቃ መድረክ ላይ የማየው አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ብቻውን ይዞ ነው። ቤዝ የሚወድ ልጅ ጠፍቶ አይደለም። ጊታሩን በዘመድም በጓደኛም እንደምንም ያገኛል፤ የሚለማመድበት ግን የለውም። መድረክ ላይ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ይቀራል።

"ያለ አምፕ አይለማመድም ወይ?" ይባላል። ይለማመዳል፣ ግን ይበላሻል። ኤሌክትሪክ ቤዝ እንደ ክራር ድምፁን የሚያጎላ ገበቴ የለውም። ስለዚህ ልጁ እንዲሰማው ብሎ ክሩን በኃይል መደብደብ ይለምዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስህተቱን አይሰማም። ያልታፈነ ክር ከሥር እያጉረመረመ ነው፣ ኖታው ከሚገባው በላይ ተጎትቷል፣ እሱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። በጭክጭካ ምት ውስጥ ቤዙ ዝም የሚልበት ቦታ ከሚናገርበት እኩል ዋጋ አለው፤ ያንን ዝምታ በንጽሕና የሚያሰማው አምፕሊፋየር ነው።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። ሱቅ ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ስንት ዋት ነው?" የሚል ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ግን መልሱ ያታልላል። አንደኛ፣ ጆሯችን ዋትን በቀጥታ አይቆጥርም። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ 100 ዋት የ10 ዋት እጥፍ ያህል ነው እንጂ አሥር እጥፍ አይጮህም። ሁለተኛ፣ በርካሽ ስፒከሮች ካርቶን ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ተጽፎ ታያላችሁ። አጠገቡ "ፒ.ኤም.ፒ.ኦ." የሚል ካለ ተጠንቀቁ፤ ያ ቁጥር ለቅጽበት የሚታሰብ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለበት ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል፣ "አር.ኤም.ኤስ." የሚባለው ነው። አንድ ሶኬት ላይ የተሰካች ቀላል ሣጥን 5000 ዋት ትሰጣለች ብሎ ማመን፣ አንድ ማሰሮ ውኃ ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል ብሎ እንደማመን ነው።

ለመሆኑ ቤት ውስጥ ቤዝ ለምን ያስቸግራል? ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቀጥለው ያሉት 55፣ 73 እና 98 ጊዜ። የሰው ጆሮ ደግሞ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ይህንን የታችኛውን ክፍል ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህንን ለክተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ልጁ "አልሰማ አለኝ" ማለቱ ሰበብ አይደለም ማለት ነው። ችግሩ ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ሲያስቀረው ወፍራሙን ግን አያቆመውም። መካነ ሰላም ውስጥ ተማሪ የሚከራየውን ቤት ታውቁታላችሁ፦ ባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የማዳበሪያ ኮርኒስ። እዚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ቤዝ ስፒከር ሲከፈት ቆርቆሮውም አብሮ ይዘፍናል። በዚያ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ሌሊት የሚነሳ ሾፌር፣ አራስ፣ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ አለ። ሰው "ተው" ሲለን ሙዚቃ ጠልቶ አይደለም።

እዚህ ላይ የበገናን ጥበብ ላንሳ። በገና አሥር ክር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ግን ሰው ለብቻው ቤቱ ተቀምጦ የሚደረድረው መሣሪያ ነው። ያለ ምንም ኤሌክትሪክ እንዴት ይሰማል? ክሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ ቆዳውን እየነካ ሲነዝር ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል። ጆሮም እነሱን ይዞ ወፍራሙን ይለየዋል። ትንሽ አምፕ ላይም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። "ቤዝ" የሚለውን ቁልፍ ከመሃል ዝቅ፣ "ሚድ" የሚለውን ከፍ አድርጉት። የተጫወታችሁት ኖታ አንቺ ሆዬ ይሁን ትዝታ ጥርት ብሎ ይለያል፣ ወደ ጎረቤት የሚሻገረው ዱምዱምታም ይቀንሳል። አምፑን ጥግ ላይ አታስቀምጡት፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያባብሳል። ወንበር ላይ አውጥታችሁ ወደ ጆሯችሁ አዙሩት። ይሄ ምክር ሳንቲም አያስወጣም።

የቱ ይገዛ? በእኔ እይታ ለቤት ከ15 እስከ 25 ዋት (ትክክለኛው ዋት) እና 8 ኢንች ስፒከር ይበቃል። ቦታና አቅም ያለው 10 ኢንች ቢይዝ ወፍራሙ ክር የተሻለ ይሰማዋል። ለምሳሌ የፌንደር ራምብል 25 ባለ 25 ዋትና 8 ኢንች ነው፤ የሄድፎን መሰኪያና ከስልክ ሙዚቃ የሚገባበት ቀዳዳም አለው። የኦሬንጅ ክራሽ ቤዝ 25ም በዚሁ ልክ ሆኖ ክር መቃኛ አብሮት ተሠርቷል። ስም ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ልኩን እንድታውቁት ነው። ሌላ ስም ያለው ዕቃ እነዚህን ነገሮች ካሟላ ያው ነው። እነዚህ ትንንሾች ግን ከድራም ጋር አይችሉም፤ "መድረክም ላይ እጠቀምበታለሁ" ብሎ የሚገዛ ሰው ይቆጨዋል። የመድረክና የቤት ሥራ ለየብቻ ነው።

ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ሄድፎን። ቮክስ አምፕላግ እንደሚባለው፣ ጊታሩ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ አለ። መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም፤ መብራት መጥፋቱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሄድፎኑ ባለ ገመድ ይሁን። የብሉቱዙ ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያደርስ ጣትና ጆሮ አይገናኙም፣ ምት ለመልመድ አይሆንም። ድምፁንም በልክ፤ ጆሮ እንደ ክር አይቀየርም።

"እቤት ያለው ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ብሰካውስ?" የሚል አይጠፋም። ከቤዙ የሚወጣው ሲግናል ደካማ ስለሆነ በቀጥታ ሲሰካ ድምፁ ይደበዝዛል፤ መሃል ላይ ቅድመ ማጉያ ይፈልጋል። የሊድ ጊታር አምፕስ? በዝግታ ከሆነ ለጊዜው ያገለግላል። ድምፁ ሲጨመር ግን ስፒከሩ ለዚያ ወፍራም ንዝረት አልተሠራምና ሊቀደድ ይችላል። የሰው አምፕ ተውሳችሁ ከሆነ ይህንን አስቡ።

ሱቅ ስትሄዱ ራሳችሁ ቤዝ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራሙን ክር ባዶውን ምቱትና ኖታው ይለያል ወይስ ፍርፍር ብቻ ነው በሉ። ድምፁን ወደ ሦስት አራተኛ አድርጋችሁ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ስሙ። ሄድፎን ስትሰኩ ስፒከሩ ዝም ማለቱን አረጋግጡ፤ ዝም የማይል ከሆነ ለሌሊት አይረባችሁም። ከሁሉ በላይ ከኋላ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። አጎት ወይም አክስት ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጡት አምፕ ለዚያው አገር ብቻ የተሠራ ከሆነ እዚህ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱም የአምፑን ዋት የሚችል መሆን አለበት። "ሶኬት አልገባም አለ" ተብሎ ሦስተኛውን የመሬት መስመር እግር መስበርም ይቅር። ድምፁን ያስጮኸዋል፣ ክር የያዘውን ሰውም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ዋጋውን እዚህ ላይ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአንድ ወር ዋጋ ለሌላው ወር አያገለግልም። ለአንድ ተማሪ ከባድ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው የመጨረሻው ሐሳቤ ወደ ክበቦች የሚያመራው። በየኮሌጁ የኪነት ክበብ በጀት ሲገኝ በአብዛኛው የሚታሰበው ትልቅ ስፒከር ነው። ትልቁ ስፒከር ለምረቃና ለበዓል ይወጣል፣ ቀሪውን ዓመት ስቶር ውስጥ ቁልፍ ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ከዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ለትንንሽ መለማመጃ አምፖችና ለባለ ገመድ ሄድፎን ቢውል፣ ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ፣ ፈርሞ፣ ለሳምንት ወስዶ ቢመልስ ምን ይጎዳል? "ይሰበራል" የሚሉ ይኖራሉ። ሊሰበር ይችላል። ቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ ይቀደድበታል፣ ግን ማዋስ አላቆመም።

"በቅድሚያ የመማሪያ መጽሐፍና ኮምፒውተር ይሟላ" የሚለውን ክርክር አከብራለሁ፤ እኔም የኮምፒውተር ወረፋ እጠብቃለሁ። የምለው ግን አዲስ በጀት ይጠየቅ አይደለም፤ ለሙዚቃ የተመደበው ለሙዚቀኛው ይድረስ ነው። ለአንድ ቀን ጩኸት የሚወጣው ገንዘብ ለዓመት ልምምድ ቢውል መድረኩም ይጠቀማል። አራቱን ቅኝቶች ከሥር ይዞ የሚሄድ ልጅ በአንድ የምረቃ ቀን አይፈጠርም። በየማታው ሃያ ደቂቃ፣ ጎረቤት ሳይረብሽ፣ ስህተቱን እየሰማ ነው የሚፈጠረው።

የክበብ ኃላፊዎችም ሆናችሁ ሌሎቻችሁ ሐሳቤ ካልተዋጠላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። እስከዚያው ግን ሱቅ የምትሄዱ "ስንት ዋት ነው?" ካላችሁ በኋላ "በምን ተለክቶ? ሄድፎንስ አለው?" ማለትን አትርሱ። ቸር እንሰንብት።