ውኃ ከጥሩ፣ ሶፍትዌርም ከምንጩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ይህችን አባባል በተግባር እንድንኖርባት ነው የምንማረው። ወሬው ከየት መጣ? ማን አለው? ሌላስ ማን አረጋገጠው? ሳይባል አይጻፍም። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ይህ ጥንቃቄ ከብዙዎች ዘንድ ብን ብሎ ይጠፋል። «አዲስ ቨርዥን ወጥቷል» ከተባለ ምንጩ ማንም ይሁን ማን ይጫናል። በእኔ አስተያየት ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ለሶፍትዌሩ ምንጭ የሚሰጠው ትኩረት ለዜና ምንጭ ከሚሰጠው ሊያንስ አይገባም።

ሊኑክስን ለማያውቁ አንባብያን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በኡቡንቱም ሆነ በዴቢያን ላይ ፕሮግራም የሚጫነው በፓኬጅ መልክ ነው። ፓኬጆቹ የሚመጡት ሪፖዚተሪ ከሚባል የጋራ መጋዘን ሲሆን፣ ከየትኞቹ መጋዘኖች እንደምንወስድ የሚጻፍበት መዝገብ በእንግሊዝኛው «ሶርስስ» ይባላል። ምንጮች ማለት እኮ ነው! መዝገቡን አንብቦ ፓኬጅ የሚያመጣውና የሚያድሰው ፕሮግራም ደግሞ አፕት ይባላል።

ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ላይ የተለያዩ መጋዘኖች ሲቀላቀሉ ነው። አፕት ለእያንዳንዱ መጋዘን የቅድሚያ ነጥብ ይሰጣል፤ ሌላ ትእዛዝ ከሌለ ለአብዛኞቹ የሚሰጠው 500 ነው። ነጥቡ እኩል ከሆነ የቨርዥን ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ያሸንፋል። ማን እንዳዘጋጀው፣ ከምን ጋር እንደተሞከረ አፕት አይጠይቅም። ስለዚህ የዴቢያንን የተረጋጋ እትም የሚጠቀም ሰው አንዲት ፕሮግራም ፈልጎ ገና በሙከራ ላይ ያለውን «ቴስቲንግ» የተባለ መጋዘን ቢጨምርና በማግሥቱ «ሁሉንም አድስ» ቢል፣ የሚለወጠው ያች ፕሮግራም ብቻ ሳትሆን ሲስተሙ በሞላ ነው። አንዷን ብቻ ቢጠይቅ እንኳ፣ በአዲሱ ሊብ-ሲ የተሠራች ከሆነች እሱን ጎትታ ልትመጣ ትችላለች። ሊብ-ሲ ደግሞ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት ምሰሶ ነው። ከተበላሸ በኋላ ወደ አሮጌው ልመለስ ቢባል ዴቢያን ወደ ኋላ መመለስን በይፋ አይደግፍም።

ከመበላሸት የባሰም አለ። ፓኬጅ ሲጫን በውስጡ ያሉት ትእዛዞች የሚሠሩት በኮምፒውተሩ ባለሙሉ ሥልጣን ስም ነው። እንግዳ መጋዘን መጨመር ማለት የቤትን ቁልፍ ማስረከብ ነው። «ፊርማ አለው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፊርማው ግን ዕቃው ከማን እንደመጣ እንጂ የላከው ሰው ቅን መሆኑን አይነግረንም።

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2024 የደረሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። ኤክስዜድ የሚባለው ፋይል ማመቂያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖቹ ውስጥ ድብቅ የጓሮ በር ተቀምጦበት ተገኘ። ነገሩን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ በኤስኤስኤች ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ምክንያቱን ሲፈልግ ደረሰበት። የተበከለው ፓኬጅ እስከ ዴቢያን ቴስቲንግ ዘልቆ ነበር፤ የተረጋጋው እትም ግን አልነካውም። ልብ በሉ፤ ቴስቲንግ የዴቢያን የራሱ መጋዘን ነው። ኦፊሴላዊ መሆኑ ብቻ አላዳነውም። የተረጋጋውን የጠቀመው ብዙዎች «አሮጌ» እያሉ የሚያጣጥሉት ዝግታው ነው።

ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን? የሚል ካለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ያስብ። የቃለ ምልልስ ቅጂ አለ፣ ስሜ እንዳይጠቀስ ያለ ሰው ስም አለ። በጓሮ በር የሚገባው ሰው የሚያገኘው እሱን ነው። ምንጭን እጠብቃለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ኮምፒውተሩንም መጠበቅ አለበት።

ታዲያ አሮጌ ነገር ይዘን እንቀመጥ? በፍጹም። የድምፅና የገጽ ቅንብር ሥራ አንዳንዴ የግድ አዲስ ቨርዥን ይፈልጋል። መፍትሔውም አለ። አንደኛ፣ መሠረቱ አንድ መጋዘን ይሁን። ሁለተኛ፣ ዴቢያን «ባክፖርትስ» የሚባል መጋዘን አለው፤ ከቴስቲንግ የተወሰዱ ፓኬጆች ለተረጋጋው እትም እንዲስማሙ ሆነው እንደገና የሚዘጋጁበት ነው። የቅድሚያ ነጥቡ 100 ስለሆነ በስሙ ካልተጠራ ራሱ ዘሎ አይገባም። ሌላ መጋዘን የግድ ካስፈለገም «ፒኒንግ» በሚባለው ዘዴ ነጥቡን እንዲሁ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከመጫን በፊት አፕትን በ«ሲሙሌት» ማዘዝ ነው። ምንም ሳይነካ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስወጣ ዘርዝሮ ያሳያል። «ይወገዳሉ» ከሚለው ሥር የማናውቀው ረጅም ዝርዝር ከመጣ እዚያው ማቆም ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በእርግጥ የደኅንነት ማሻሻያ አይቆይም፤ እሱ ከመሠረቱ መጋዘን እንደመጣ ይጫን። ቸኩሎ አዲስ ነገር መልቀምና የደኅንነት ጥገና መቀበል ለየቅል ናቸው።

በጋራ በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ግን የግል ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ የጨመረውን መጋዘን ሌላው አያውቀውማ። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በጋራ ኮምፒውተሮቹ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። መጋዘን የሚጨምር ሰው የትኛውን፣ ለየትኛው ፕሮግራም፣ መቼና ለምን እንደጨመረ ጽፎ ይፈርም። ምክንያቱ ሲያልቅም መጋዘኑ ይሰረዝ። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ነው። ምንጩን መዝግቦ መያዝ ደግሞ ለኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እዚህ የመጣነው ለዚሁ ነው።