ሥራ ፈት ማነው?
ጫኖ ውስጥ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ልጆች ከኋላው የሽቦ አይሱዙ ይነዳሉ። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ነው። መሪው ረጅም ሽቦ፤ ሲጠመዝዙት የፊት ጎማው ይታጠፋል። አንዱን ልጅ "ሥራ ፈት!" ብለው መኪናውን ሲረግጡበት አይተናል። እኛ ግን አንስማማም።

የጃፓኑ ታሚያ በፈረንጆቹ 1976 የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትታዘዝ መኪናውን፣ ፖርሸ 934ን፣ ለገበያ አቀረበ። ቲቲ-02 የምትባለው የአስፋልት መኪናው ደግሞ ተበታትና በካርቶን ትመጣለች፤ ገዢው ራሱ ይገጥማታል። ቀጥሎ የፕላስቲክ ቦኮላዋን አውጥቶ ኩሽኔታ ያስገባል፤ ሰበቃው ይቀንሳል፣ በዚያው ባትሪ ትፈጥናለች። ይህን የሚያደርገው ጎልማሳ "ሆቢ አለው" ይባላል። (ሥራ ፈት ያለው የለም!)

የጫኖው ልጅ የሽቦውን ዘንግ ዘይት ሲቀባ የሚታገለው ከዚያው ሰበቃ ጋር ነው። የጎደለው ሞተር ነው። ሞተሩ ደግሞ እቤታችን በተበላሸው ቴፕ ውስጥ ተኝቷል። ቁራሌው ሳይወስደው ፈተን እንስጠው! ከካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ከኋላው ዘንግ ጋር ያገናኘዋል፤ ባትሪውን እኛ እንችላለን። ሪሞቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ትንቀሳቀስለት።