«እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» ይብቃ
ወደ ባሌ ለሚመጡ ባንዶችና ለሚጠሯቸው አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳና ከሻሸመኔ ወደ ሮቤና ጎባ ለምትመጡ የባንድ መሪዎች፤ እነሱን ለምትጠሩ የሰርግ፣ የምረቃና የኮንሰርት አዘጋጆች፤ እንዲሁም ሳውንድ ሲስተም ለምታከራዩ የሙያ ባልደረቦቼ

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣

በሮቤና በጎባ መድረኮች ድምፅ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የማንንም ስም ለማንሳት ሳይሆን ሁላችንም የለመድነውን አንድ አሠራር ለመተቸት ነው። ባንድ ሊመጣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ እደውልና «ስንት ናችሁ? ምን ምን መሣሪያ ይዛችኋል? ስንት ሰው ይዘፍናል? ማን የት ይቆማል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ «እዚያው ስንደርስ እናየዋለን።» በእኔ እምነት በአካባቢያችን መድረኮች ሙዚቃን የሚያበላሸው ከስፒከሩ እርጅና ይልቅ ይህ መልስ ነው።

ውል እንዴት እንደሚታሰር እናውቃለን። ቀን ይቆረጣል፣ ዋጋ ይነገራል፣ ቀብድ ይላካል፣ መኪናና አልጋ ይያዛል። ሰርግ ከሆነ ደጋሹ የሚታረደውን ሰንጋ፣ የሚጋገረውን እንጀራ፣ የሚከራየውን ድንኳንና ወንበር አንድ በአንድ ይቆጥራል። ለዚያው ድግስ ስንት ማይክ እንደሚያስፈልግ ግን ደጋሹም አይጠይቅም፣ ሙዚቀኛውም አይናገርም። ለእኔ የሚደርሰኝ ወሬ «ሙሉ ባንድ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሙሉ ባንድ አምስት ሰው ሊሆን ይችላል፤ አሥራ ሁለትም ሊሆን ይችላል። የአከራዮችም ድርሻ አለበት። ዋጋ የሚቆረጠው በስፒከር ሳጥን ቁጥር ነው፤ «አራት ሳጥን ይዘን እንመጣለን» ይባላል፤ ሚክሰሩ ስንት ማይክ እንደሚቀበል የሚናገርም የሚጠይቅም የለም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። አንደኛው የመድረክ ንድፍ፣ ማለትም ስቴጅ ፕሎት የሚባለው፣ ማን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሁለተኛው የኢንፑት ዝርዝር ነው፤ ወደ ሚክሰር የሚገባው እያንዳንዱ ድምፅ በተራ ቁጥር፣ ከምን መሣሪያ እንደሚወጣና በምን እንደሚያዝ የሚጻፍበት። ኮምፒውተር አያስፈልገውም። በእርሳስ ተሠርቶ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ በቴሌግራም ቢላክ ይበቃል።

ያለ ወረቀት የመሥራት ልማድ ድሮ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ስመ ጥር ባንዶች የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል እያሉ ከሳምንት ሳምንት በዚያው መድረክ ይጫወቱ ነበር። ድራሙ ትናንት የቆመበት ቦታ ዛሬም ይቆማል፤ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ አይለወጥም፤ ተጫዋቹ ሁሉ የጓደኛውን ልማድ ያውቃል። እንዲህ ላለ ባንድ ወረቀቱ በጭንቅላቱ ውስጥ አለ። የዛሬው ባንድ ግን ዓርብ ማታ አዲስ አበባ በአንድ ክለብ፣ እሑድ ሮቤ በአንድ ሜዳ ነው። ድራመሩን የተዋወቁት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ሳውንዱ የሌላ ሰው፣ መድረኩ የሌላ ሰው፣ ጄኔሬተሩም የሌላ ሰው ነው። የቤት ባንድን ልማድ ይዞ አገር ለአገር መዞር አያዋጣም።

በተለይ ባሌ ላይ አያዋጣም። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዲስ አበባ ላይ አንድ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከማይክ ገመድ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ቢጠፋ ከጓደኛ ይዋሳሉ ወይም ሱቅ ይሮጣሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሮቤ ላይ ቢጠፋ ተስፋው 14 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ጎባ ናት፤ እዚያም ከሌለ የለም። የአየሩም ነገር አለ። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከሐዋሳ ሙቀት የመጣ ክራርና ጊታር ፀሐይ ስትጠልቅ ቅኝቱ ይሸሻል፤ ሙዚቀኛው በዘፈን መካከል ሲቃኝ ሕዝቡ እንዳይሰማው መስመሩን የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። እኔ ግን የትኛው መስመር የማን እንደሆነ የማውቀው ዝርዝሩ ካለኝ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ስላላት ደግሞ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውና ኪቦርዱ ከሽፋን ሥር የሚውሉበት ቦታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚረሳው ጄኔሬተሩ ነው። ቱርቦ የሌለው የጄኔሬተር ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር በግምት ከ3 እስከ 4 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ሮቤ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሄዷል ማለት ነው። 10 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ሞተር እዚህ ከ7 ተኩል በላይ አይጠበቅበትም። ከቆላ የመጣ አከራይ እዚያ ሁሉን የቻለለትን ሞተር ይዞ ይመጣል፤ የባንዱ የጊታር አምፕ፣ ሁለቱ ኪቦርድና መብራቱ ሲደመሩ ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ኪቦርዱ በዘፈን መካከል ጠፍቶ ይነሣል። ምን ምን መሣሪያ ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ በንድፉ ላይ ቢጻፍ ይህ ስሌት ከዝግጅቱ ሦስት ቀን በፊት ያልቅ ነበር።

በአንድ የምረቃ ዝግጅት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ባንዱም አዘጋጁም ስማቸው ይቆይ። በስልክ የተነገረኝ «አራት ሰው ከአንድ ዘፋኝ ጋር» ነበር። የደረሱት እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሆነው፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ሳክስፎን ጨምረው። የተከራየው ሚክሰር ላይ 16 ተብሎ ተጽፏል፤ ማይክ የሚቀበለው ግን በ10 መስመር ብቻ ነው። ማሲንቆና ሳክስፎን በአንድ ማይክ ተጋሩ። ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሡ ደግሞ የተዘጋጀ ማይክ ስላልነበረ የዘፋኙ ማይክ ተነጥቆ ተሰጣቸው። ማይኩ በሞኒተሩ፣ ማለትም ሙዚቀኛው ራሱን በሚሰማበት ስፒከር፣ ፊት ሲያልፍ ጮኸ፤ ምርቃቱ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሕዝቡ «ሳውንዱ ነው» አለ። እውነቱ ግን ማንም ቁጭ ብሎ መስመሩን አለመቁጠሩ ነው።

እስቲ አሁን እንቁጠር። መካከለኛ የሆነ ባንድ ልውሰድ። ድራም፦ 1 ኪክ፣ 2 ስኔር፣ 3 ሃይ ሃት፣ 4 እና 5 ሁለቱ ቶም፣ 6 እና 7 ከላይ የሚሰቀሉት ኦቨርሄድ ማይኮች። 8 ቤዝ ጊታር በዲአይ። 9 ሊድ ጊታር፣ አምፑ ፊት ማይክ ተደርጎ። 10 እና 11 ኪቦርድ፣ ግራና ቀኝ። 12 ክራር በዲአይ። 13 ማሲንቆ። 14 ሳክስፎን። 15 ዋና ዘፋኝ። 16 ተቀባይ ዘፋኝ። 17 የመድረክ መሪው፣ የምርቃቱና የንግግሩ ማይክ። 17 መስመር ሞላ ማለት ነው፤ ከበሮ የሚመታ ካለ 18። ባለ 16 መስመር ሚክሰር በሁሉም መስመሩ ማይክ ቢቀበል እንኳ አይበቃም።

የዝርዝሩ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ወረቀቱ ቀድሞ ከመጣ ምን እንደሚቀነስ የሚወስነው ባንዱ ራሱ ነው፦ ኪቦርዱ በአንድ መስመር ይግባ፣ ሃይ ሃቱ የራሱ ማይክ አይኑረው፣ ሁለቱ ኦቨርሄድ አንድ ይሁኑ። አለዚያ የሚወስነው የሚጣደፍ የሳውንድ ሠራተኛ ነው፤ እሱም የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የማያውቀውን መሣሪያ ነው። ማሲንቆውን ለመስማት መንገድ አቋርጦ የመጣ እንግዳ ማሲንቆውን ሳይሰማ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በእያንዳንዱ መስመር ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ማይክ ነው ወይስ ዲአይ፣ ምን ዓይነት ማቆሚያ ይፈልጋል፣ 48 ቮልት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም። ኦቨርሄድ ላይ የሚሰቀለው ኮንደንሰር ማይክ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ካልተላከለት ድምፅ አይሰጥም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ገመድ ሲቀይር ግማሽ ሰዓት ያልቃል። ዲአይ ቦክስም ቅንጦት አይደለም። የጊታር ዓይነት ተራ ገመድ ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ ሲረዝም ከመብራትና ከጄኔሬተር የሚመጣ ጉርምርምታ መሰብሰብ ይጀምራል። ዲአዩ ድምፁን ረጅም መንገድ በሚችለው በማይክ ገመድ እንዲሄድ ያደርገዋል። ስለዚህ «ክራራችን ፒክአፕ አለው» ብቻ አይበቃም፤ ዲአዩን ማን ያመጣል የሚለው ይጻፍ።

ወደ ንድፉ ልለፍ። ወረቀቱን አግድም ይያዙ፤ ከታች ያለው ጠርዝ ሕዝቡ ያለበት ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ባዞረ ሙዚቀኛ እይታ ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ባንዱና የሳውንድ ሠራተኛው ተቃራኒውን ይረዱና ገመዱ ሁሉ ዳግም ይነቀላል። ለእያንዳንዱ ሰው ክብ፣ በውስጡ የመሣሪያው ስም፤ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ቁጥር፤ ኤሌክትሪክ ለሚፈለግበት ቦታ ምልክት። ድራሙ ወደ 2 ሜትር በ2 ሜትር ቦታ ይወስዳልና በልኩ ይሣል። ሞኒተሩ ላይ ደግሞ ማን ምን መስማት እንደሚፈልግ በአጭሩ ይጻፍ፦ ዘፋኙ የራሱን ድምፅና ኪቦርዱን፣ ቤዝ ተጫዋቹ ኪኩን። ሚክሰሩ ለሞኒተር ሁለት መውጫ ብቻ ካለው ማን ከማን ጋር እንደሚጋራ ባንዱ ይምረጥ።

ከውጭ የሚገኙ ናሙናዎችን ስትገለብጡ አንድ ነገር አትርሱ፦ ተወዛዋዦችን። እኛ አገር ባንድ ከተወዛዋዥ ጋር ይመጣል። የፈረንጅ ናሙና መድረኩን ሁሉ በመሣሪያ ሞልቶ ይጨርሰዋል። ስድስት ተወዛዋዥ የሚረግጡበት ባዶ ቦታ በንድፉ ላይ ካልተሣለ ገመዱ በእግራቸው ሥር ያልፋል፣ የማይክ ማቆሚያው ይወድቃል፣ ሞኒተሩም ይገለበጣል። ዘፋኞች በየተራ በአንድ ባንድ የሚዘፍኑ ከሆነም የመውጫ ተራቸውና የሚይዙት ማይክ ቁጥር ይጻፍ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ተጫዋቾቻችን እስከ መጨረሻው ቀን ይቀያየራሉ» ትላላችሁ። ሰው ይቀያየራል፤ መሣሪያው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም መሣሪያው ነው። መሣሪያ ከተለወጠ ያንኑ ወረቀት አርሞ፣ ቀን ጽፎበት፣ ዳግም መላክ ነው። «ጥሩ የሳውንድ ባለሙያ አይቶ ያውቃል» ትላላችሁ። ባለሙያ አይቶ ያውቃል፤ መኪና ላይ ያልተጫነ ማይክ ግን በእውቀት አይፈጠርም። «ይህ ለትልልቅ ኮንሰርት ነው» የሚሉም አሉ። እንዲያውም ትልቁ ኮንሰርት የተረፈ መሣሪያና የተረፈ ሰው አለው። ወረቀቱን አብልጦ የሚፈልገው አንድ ሚክሰር፣ አንድ ሠራተኛና አንድ ሰዓት ብቻ ያለው የእኛ መድረክ ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ። የባንድ መሪዎች ሆይ፣ ንድፉንና ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ሥሩትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ የሚመልስ ሰው ስልክ ቁጥርም ይኑርበት። አከራዮች ሆይ፣ ዋጋ ስትናገሩ የሳጥኑን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የማይክ መስመሩን፣ የሞኒተር መውጫውንና ሮቤ ላይ የሚሰጠውን የጄኔሬተር ጉልበት ተናገሩ። አዘጋጆች ሆይ፣ ገንዘቡ ያለው በእናንተ እጅ ነውና ሥልጣኑም የእናንተ ነው፦ ሁለቱ ገጽ ሳይደርሳችሁ ቀብድ አትላኩ፤ የምርቃቱንና የንግግሩን ማይክ ራሳችሁ ጨምሩበት፤ ወረቀቱንም በዚያው ቀን ለሳውንድ ሠራተኛው አስተላልፉ። ያለ ሁለቱ ገጽ የሚመጣን ባንድ አትቀበሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሮቤ የመድረክ ድምፅ ሠራተኛ