ዶሮ ወጥ በ45 ደቂቃ

ዛሬ የማወራችሁ ስላበላሸሁት ወጥ ነው።

በቤታችን የፋሲካን ዶሮ ወጥ የምትሠራው እናቴ ናት። ዘንድሮ ግን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ስለነበር ብዙ መቆም አልቻለችም። «ከምግብ ቤት እናዛለን» አለች። ድምፅዋ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። ዝም አለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሽሮና ከምስር ወጥ አልፌ አላውቅም።

«ሽንኩርቱ ስንት ነው? በርበሬውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «በዓይንሽ ትመጥኛለሽ» አለችኝ። የእኔ ዓይን መመጠን ስለማያውቅ ብዙ ሰው የሚወደውን አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። ርዕሱ «ዶሮ ወጥ በ45 ደቂቃ» ይላል። ሽንኩርቱን በዘይት 10 ደቂቃ ጥበሱ፣ በርበሬ ጨምሩ፣ ዶሮውን ጨምሩ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ሽንኩርቱ ከመረቁ ተለይቶ ይታያል፤ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይሸታል።

ሌላም ችግር ነበረብኝ። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሥጋም ቅቤም ስለማይበላ ወጡን መቅመስ አልችልም። ቀማሼ ገና መጾም ያልጀመረችው የስድስት ዓመት ልጄ ነበረች። አንድ ማንኪያ ሰጥቻት ዞር ከማለቴ «እማዬ፣ ይቃጠላል!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ምድጃውን አጠፋሁ። የተቃጠለ ነገር የለም። ልጄ ምላሷን አውጥታ በእጇ ታራግባለች። ለካ «ያቃጥላል» ማለቷ ነው! ድስት ይቃጠላል፤ በርበሬ ያቃጥላል። እናንተም የምትሳሳቱት ከሆነ አይዟችሁ፤ ብቻ ወጥ ቤት ውስጥ አትሳሳቱ።

በሁለተኛው ሙከራ ሽንኩርቱን በብሌንደር ፈጨሁት። ውሃ ሆነ። ውሃው እስኪደርቅ አመሸሁ። ወጡን ለማይጾም ጎረቤት ሰጠሁት። ሳህኑን ሲመልስ ስለ ምግቡ ምንም አላለም።

ሦስተኛው የቅዳሜው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሙከራ የለም። እንግዶቹ ተጠርተዋል። እናቴ መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ተቀመጠች። «በዘይት አትጀምሪ። መጀመሪያ ደረቁን አቁላዪው» አለችኝ።

ማቁላላት የሚለውን ቃል ያዙልኝ። መጥበስ አይደለም። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በዝግታ እያማሰሉ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ ማብሰል ነው። በርበሬ ገብቶበት ሲበስል ቁሌት ይባላል። ያ ቪዲዮ ይህን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳውም።

ለሁለት ዶሮ 4 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከትፌ ነበር። ዓይኔ ማልቀሱን ሳይጨርስ እናቴ ከተቀመጠችበት «ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊ፣ ሊይዝብሽ ነው» አለች። እውነትም ሥሩ መያዝ ጀምሯል።

«ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?»

«ይሰማኛላ!»

ያኔ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ። ሽንኩርቱ ውሃ ሲኖረው ይንተከተካል፤ ሲደርቅ ጢስ ጢስ ይላል። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። በርበሬውን ከጨመርኩ በኋላም ጥሬ ሽታው እስኪሄድ ድረስ ውሃ ጠብ እያደረግሁ አማሰልኩ። ከዚያ ንጥር ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገባ። በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ የገባው መጨረሻ አካባቢ ነው። «የዚህ አገር ዶሮ ልፍስፍስ ነው፤ ቶሎ ከገባ አጥንቱ ብቻ ይቀርሻል» ብላኛለች። ከዚያ መከለሻና የተቀቀለ እንቁላል።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ቤት ትጠብቀን ነበር። ቆርሳ ጎረሰች። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

«ሽንኩርቱ የት ሄደ?» አለች።

ሽንኩርቱ መጥፋቱ ለዶሮ ወጥ ትልቅ ምስጋና መሆኑን አውቃለሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጨው ግን ትንሽ አንሶታል።»

እንቅልፍ እምቢ ያላት ልጄ ከሶፋው ላይ ብድግ ብላ «የቀመስኩት እኔ ነኝ!» አለች። አያቷ ሳቀች። የጨው ዕቃውን አቀረብኩላት፤ ገፋ አደረገችውና ሌላ እንጀራ ዘረጋች።