ጨለማው ከመምጣቱ በፊት

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ፣ በካርቱም የዕለት ተዕለት ኑሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተናጋ። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች አገልግሎት አቆሙ፤ ውኃና መብራት ተቋረጠ። ከዚያች ከተማ ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገቡትም ብዙዎች ናቸው። ይሁንና በየሰፈሩ ምስርና ፉል የሚቀቀልባቸው ትላልቅ ድስቶች ሳይውሉ ሳያድሩ ተጣዱ። የጣዷቸው «የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች» የተባሉት የፈቃደኞች ቡድኖች ናቸው። ከበላይ ትእዛዝ የሰጣቸው አልነበረም።

ይህ ሥራ በአንድ ጀምበር የተለመደ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ጎርፍ ካርቱምን ባጥለቀለቀ ጊዜ ወጣቶች «ነፊር» ብለው ተሰባስበው ነበር፤ ነፊር የእኛው ደቦ ነው ማለት ይቻላል። ስልክ መቀበል፣ የፈረሰውን ቤት መመዝገብ፣ ዕርዳታ ማከፋፈል ያኔ ተጀመረ። በ2011 ዓ.ም. በሕዝባዊው ተቃውሞ ወቅት የሰፈር ኮሚቴዎች ተስፋፉ፤ በኮሮና ወረርሽኝም ጊዜ እነዚሁ ኮሚቴዎች አልቦዘኑም። ገንዘብ ሰብስቦ ሒሳብ ማወራረድ፣ በማን ቤት ስንት አፍ እንዳለ ማወቅ ልማድ ሆነ። ጦርነቱ ሲደርስ ማን ምን ይሥራ በሚል ክርክር ብዙ ጊዜ አልባከነም።

ወታደር ይህን ያውቀዋል። መሣሪያን በጨለማ ፈትቶ መግጠም የሚለመደው ጨለማው ከመምጣቱ በፊት ነው። በድግግሞሹ ያላጉረመረመ ምልምል እስካሁን አላየንም። ጥቅሙ የሚገለጸው ግን እጅ ሳይታዘዝ ሲሠራና አእምሮ ግዳጁን ለማሰብ ነፃ ሲሆን ነው።

በከተማ መሥሪያ ቤት ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ፋይሉ ያለበትን ሣጥን አንድ ጸሐፊ ብቻ ያውቃል፤ እርሱ የታመመ ዕለት ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ይህ የሰው ኃይል እጥረት ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ በእኛ አስተያየት ግን የቡድን አለመኖር ነው። የካርቱም ፈቃደኞች በሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ታስረዋል፤ የተገደሉም አሉ። የጎደለውን ሰው ጭልፋ የሚረከብ ሌላ እጅ ባይዘጋጅ ኖሮ ሰፈሩ ጦሙን ያድር ነበር።

እርግጥ ነው፣ ችሎታ ብቻውን ድስት አይሞላም። በ2016 ዓ.ም. የስልክና የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜ፣ ገንዘቡ በስልክ ይላክ ስለነበር ብዙ ማብሰያ ቤቶች ተዘግተዋል። ስንቁ ከሌላ የሚመጣ ቡድን ይህንም አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ቡድኖቹ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት አግኝተዋል።

ለከተማችን መሥሪያ ቤቶች የምናቀርበው ሐሳብ ወጪ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱ ሠራተኛ የጎረቤቱን ወንበር ይያዝ፤ መዝገቡን ይግለጥ፤ ባለጉዳይም ያስተናግድ። ኃላፊው ቀኑን አስቀድሞ አይናገር።