«ግቢዬ ተሰነጠቀ፤ ጎረቤቴም አኮረፈችኝ!»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንደኛው ሦስት ፎቶግራፍ ተያይዞበት ነው የመጣው። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ወዲያ ጥቁር አፈር ከበዛባቸው ሰፈሮች በአንዱ የሚኖሩ እናት ናቸው። ስማቸውን እንደ አምዳችን ልማድ ትተነዋል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በብረት መደገፊያ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢያችን ጭቃ ስለሚሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ከቤት አይወጣም ነበር። ካቻምና ሐምሌ ላይ ሌሊት አሞት አምቡላንስ ብንጠራ መኪናው በር ላይ ቀርቶ የሰፈር ጎረምሶች በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጡት። ዐረብ አገር ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ ‹አባቴ ከእንግዲህ በሰው ትከሻ አይወጣም› ብላ ያጠራቀመችውን የሁለት ዓመት ደመወዝ ላከች። አምና ጥቅምት ላይ ግቢው በሙሉ አርማታ ተሞላ። ሠራተኞቹ በሁለት ቀን ጨርሰው ሄዱ። ሲያልቅ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በስድስት ወሩ መሐሉ አበጠ፣ ጠርዙ ወረደ፣ ከበሩ ጀምሮ ተሰነጣጠቀ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የግቢው ውሃ በሙሉ ወደ ጎረቤቴ የጭቃ ግድግዳ ይወርድ ጀመር። ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ቡና የጠጣን ሴት ናት፤ አሁን ሰላምታም የለንም። ልጄ ለጥምቀት ልትመጣ ነው። አንድ ባለሙያ ‹በላዩ ሌላ አርማታ እናፍስበት፣ ስንጥቁ ይጠፋል› ብሎኛል። የቀረኝ ገንዘብ ጥቂት ነው። ላሠራው ወይስ ልተወው? ለልጄስ ምን ልበላት?»

እናታችን፣ ቁርጡን ልንገርዎት፤ በላዩ አያስፈስሱ! ገንዘቡ ይቃጠላል፣ ስንጥቁም ተመልሶ ይመጣል። ወደዚህ አምድ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት በሕንፃ ሥራ ላይ በፎርማንነት ስላሳለፍኩ ፎቶግራፎቹን ሳይ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። በሦስተኛው ፎቶ ላይ የተሰበረውን የአርማታ ጠርዝ ከክብሪት ቀፎ አጠገብ አድርገው አንስተውታል። (እንዴት ያሉ ብልህ ሴት ናቸው!) ውፍረቱ ከቀፎው ርዝመት አይበልጥም፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ ድንጋይ የለም፣ ገረጋንቲ የለም፣ ጥቁር አፈር ብቻ። ለእርስዎ አርማታ ተብሎ የተሸጠልዎት ሊሾ ነው። ሊሾ ለሳሎን ወለል ይሆናል፤ አምቡላንስ ግን አይሸከምም።

የጥቁር አፈርን ጠባይ ያላወቀ ሰው ቦሌና አቃቂ ላይ አርማታ ባያፈስ ይሻለዋል። ኮትቻ በሉት መረሬ፣ ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ ይሰበሰብና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከላዩ አርማታ ሲቀመጥበት ነገሩ ይብሳል። በበጋ ጠርዙ ፀሐይ እያገኘው ይደርቅና ይወርዳል፤ መሐሉ ግን አርማታው ስለከለለው እርጥበቱን ይዞ እንዳበጠ ይቀራል። የእርስዎ ግቢ መሐሉ ያበጠው፣ ጠርዙ የወረደው ለዚህ ነው። ከላይ ሌላ አርማታ ቢጨመር አፈሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነሳቸዋል። አርማታ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲያጎብጡት ግን ወዲያው ይሰበራል።

«ታዲያ ገንዘብ ከየት ላምጣ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እስቲ አብረን እናስላው። ግቢዎ 80 ካሬ ሜትር ነው ብለዋል። 80 ካሬ በአምስት ሴንቲ ሜትር 4 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። እርስዎ የሚያስፈልግዎት ግን ከበሩ እስከ በረንዳው መኪና የሚገባበትና ባለቤትዎ የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ቢሆን 27 ካሬ። ይህ በአሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢሞላ 2.7 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። አያችሁት? አምና መሬት ላይ ከፈሰሰው ያነሰ አርማታ ነው የሚፈልገው! ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ጉብጠትን የመቋቋም አቅሙ በአራት እጥፍ ያድጋል። የቀረው ግቢ ሣርና ጠጠር ቢሆን ማንንም አይገድልም። አይ የኛ ነገር፣ ግቢን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ መሸፈን የሀብት ምልክት አድርገነዋል፤ የዝናቡ ውሃ የሚሰርግበት መሬት ሲያጣ ጎረቤት ቤት ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው። መንገዱ በሚያልፍበት ያለው አሮጌ አርማታ ይፈልጥ፣ ፍርስራሹ ግን እንዳይጣል። ከዚያ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆፈርና ጥቁሩ አፈር ከግቢ ይውጣ። በምትኩ 30 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ይግባ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን 15፣ 15 እየተደረገ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ። በእግር ረግጦ «ጠነከረ» የሚል ሰው አይስሙ! በገረጋንቲው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ይደረደራል፤ የተፈለጠው አርማታ እዚህ ይገባል፣ የጎደለውን በባዞላ ይሙሉት። ልጅዎ የላከችው ገንዘብ ቢያንስ ከሥር ሆኖ ያገለግላል። ጥቁር አፈሩ ከዚህም በላይ ጥልቀት ሊኖረው ይችላል፤ ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፣ ይህ ግን እንቅስቃሴውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የተቆፈረው ጉድጓድ ዝናብ ሳያገኘው በዚያው ሳምንት ይሞላ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሜትር ድረስም ጎመን ተክለው ውሃ አያጠጡበት።

አርማታውን በተመለከተ፣ ልኩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ (50 ኪሎ)፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ሳጥኑ በ50፣ በ40፣ በ20 ሴንቲ ሜትር የተሠራ ይሁን። በአካፋ እየቆጠሩ መቀላቀል የለም! ለ27 ካሬው 18 ከረጢት ይበቃል፤ ለብክነት አንድ ይጨምሩበት። አሸዋው ከላንጋኖም ይምጣ ከመተሐራ፣ ከመግዛትዎ በፊት በብርጭቆ ይፈትኑት። ግማሽ ብርጭቆ አሸዋ ላይ ውሃ ጨምረው በደንብ ያናውጡና ሁለት ሰዓት ያስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከመቶ 6 እጅ በላይ ከሆነ ታጥቦ ይምጣ ይበሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃውን ይጠብቁ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሩብ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. ያረጋገጠው ነገር ይኸው ነው፤ ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ውሃው በበዛ ቁጥር አርማታው ይደክማል። የኛ ሠራተኛ ግን ቀጭን አርማታ ይወዳል። ምን ያድርግ? በባሬላ ተሸክሞ ሲያፈሰው ራሱ ይሄድለታል፣ ወገቡም ያርፋል። በተለይ በኩንትራት ከሆነ ቶሎ ጨርሶ ሌላ ቦታ መሄድ ነው የሚፈልገው። እርስዎ ያን ቀን ወንበር አውጥተው ከጀሪካኑ አጠገብ ይቀመጡ። ሻይ ያፍሉላቸው፣ ምሳም ይጋብዟቸው፤ ከጀሪካኑ ግን አይነሱ።

ፌሮን በተመለከተ «ብረት ገብቶበታል» ብለውኝ ነበር ብለዋል። ሊሆን ይችላል፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ አርማታ የፈሰሰበት ፌሮ ግን የለም ማለት ነው። በትንንሽ የሲሚንቶ ኩብ ላይ ተነስቶ ከውፍረቱ መሐል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። «ስናፈስ በእጃችን ከፍ እናደርገዋለን» ይላሉ። አያደርጉትም።

ያ «እንደ መስታወት» ያሉት ነገርም አስደንግጦኛል። በመደገፊያ ለሚሄድ ሰው እርጥብ መስታወት ምን እንደሆነ አስበውታል? የሚያበራው ላዩ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶ ስለተለሰነ ነው፤ ቶሎ ይላጣል፣ ያንሸራትታልም። ላዩ በእንጨት ከተስተካከለ በኋላ በጠንካራ መጥረጊያ በአግድም ይጎተትበት፤ ሸካራ ይሁን። በየሦስት ሜትሩ ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የጠለቀ መስመር ይሠመርበት። አርማታ ሲደርቅ መሰብሰቡ አይቀርም፤ መስመሩ ካለ ስንጥቁ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ከበረንዳውና ከግድግዳው ጋርም አይጣበቅ፤ መሐላቸው ስስ ክፍተት ተትቶ በሬንጅ ይሞላ። በረንዳው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ደረጃ እንዳለ በፎቶው አይቻለሁ። እሱን በ180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ዘንበል አድርገው ያስሠሩት፤ ለአንድ አሥራ ሁለት ማለት ነው። ያኔ ባለቤትዎ ያለ ማንም ድጋፍ ይወጡታል፣ ይወርዱታል።

አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ያለውን ሥራ ደግሞ ማንም ሠራተኛ አይሠራልዎትም፤ የእርስዎ ነው። የአዲስ አበባ የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ከላዩ ይመጥጠዋል። ሲሚንቶ ደግሞ የሚጠነክረው ውሃ እስካለው ድረስ ነው። እንደጠነከረ ጆንያ ያልብሱት፣ ጆንያው ሳይደርቅ ጠዋትና ማታ ያጠጡት፣ ከላዩ ላስቲክ ቢጨምሩ ደግሞ ውሃ ይቆጥብልዎታል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀድመው በርሜል ይሙሉ። ቢያንስ ሰባት ቀን፤ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ከሆነ (አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው እሱ ነው) አሥራ አራት። ለዚህ አንድም ተጨማሪ ብር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ያልተከፈለበት ነገር አይታየንም።

«ለምን ጌጠኛ ድንጋይ አላስነጥፍም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መጥፎ አይደለም፤ አፈሩ ሲነሳ ድንጋዩ ተለቅሞ እንደገና ይነጠፋል። ለመደገፊያ እግሮች ግን ጎርባጣ ስለሆነ እዚህ ቤት አልመርጠውም።

ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት፤ አንዱን ገረጋንቲውና ድንጋዩ ሲያልቅ ዓይተው፣ አንዱን ሲፈስ፣ የመጨረሻውን ከ28 ቀን በኋላ። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ አይጠፋም።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሴትየዋ ያኮረፉት በትክክል ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ከገባበት ምሰሶው ይበሰብሳል፤ ቤታቸው ነው። ሰው አይላኩ፣ ራስዎ ይሂዱ። ቆፋሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በውሃ ልክ ሲለካ እሳቸውም ቆመው ይዩ። መንገዱ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ በሩ ይውረድ፤ በ9 ሜትር 18 ሴንቲ ሜትር ነው። በእሳቸው አጥር በኩል ያለው አሮጌ አርማታ አንድ ሜትር ያህል ይነሳና በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ተሠርቶ ውሃውን ወደ ውጭው የመንገድ ቦይ ይውሰድ። ገንዘብ ካነሰዎት ከመንገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ቀንሰው ቦዩን ያስቀድሙ። መንገዱን ሌላ ጊዜ ያስቀጥሉታል።

ለልጅዎም ዛሬውኑ ይደውሉላት። ከአውሮፕላን ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ከምታየው በስልክ ብትሰማው ይቀላታል። ፎቶግራፎቹን ለእኔ እንደላኩልኝ ለእሷም ይላኩላት፣ ከክብሪት ቀፎው ጋር። ያስቸገረዎት ገንዘቧን በከንቱ ያባከኑባት መስሎ መታየቱ እንደሆነ ይገባኛል። ዝም ብለው ተበድረው ስንጥቁን ቢሸፍኑት ግን የሚቀጥለው ክረምት ገልጦ ያሳያታል፤ ያኔ ደግሞ እሷ ተመልሳ እዚያው ናት፣ እርስዎም ብድር ይዘው። የቀረዎትን ልክ ይንገሯትና 7 ሜትር ወይስ 9 ሜትር ይሁን የሚለውን አብራችሁ ወስኑ።

ቀኑን ልቁጠርልዎት። አፈሩ በኅዳር አጋማሽ ተቆፍሮ አርማታው ኅዳር 25 ቢፈስ ታኅሣሥ 23 ላይ 28 ቀን ይሞላዋል። ባለቤትዎ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጆንያው ተነስቶላቸው ቀስ ብለው ሊሞክሩት ይችላሉ። ቀላል መኪና ከአሥር ቀን በፊት አይግባ፤ ገልባጭና የውሃ ቦቴ ግን ከ28 ቀን በኋላም ቢሆን በሩ ውጭ ያራግፍ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ለእነሱ አልተሠራም። ልጅዎን ከኤርፖርት የሚያመጣው ታክሲ እስከ በረንዳው ይገባል።